ዱባ ነው የወደቀበት

ባትላሜራው በሁለት ነገሮች ላይ ጥርጣሬ ኖሮት አያውቅም፤ በፈጣሪውና በመዶሻው። ችግሩ ሁለቱን እየቀላቀለ ማየቱ ነበር። ጠዋት ጋራዡ ውስጥ የተጨፈለቀ የመኪና በር ፊት እግሩን ከፈት አድርጎ ቆሞ መዶሻውን ሲያነሣ ያየ ሰው፣ ይኸ ሰውዬ ሊጠግን ነው ወይስ የቆየ ቂሙን ሊወጣ ነው ማለቱ አይቀርም። አንገቱ አጭር፣ ክንዱ ወፍራም፣ ድምፁ ጎርናና ነው። ግራ ጆሮው በኳኳታ ብዛት ከደነቆረ ቆይቷል። በቀኙም ቢሆን የሚሰማው መስማት የሚፈልገውን ብቻ ነው እያሉ ያሙታል። ሐሜት ነው ብዬ እንዳልፈው እውነት ሆኖብኛል።

በወጣትነቱ ተደባዳቢ ነበር። መጠጥ ቤት ገብቶ ሰው ሳይፈነክት የወጣበት ቀን ጥቂት ነው። የአንዱን መንጋጋ አውልቋል፣ የሌላውን ጥርስ አራግፏል፣ የራሱም አፍንጫ ጠማማ ሆኖ የቀረው በዚያን ጊዜ ነው። ጌታን ካገኘ በኋላ ግን ቡጢውን ሰብስቦ ለላሜራ ብቻ አደረገው። ሰው መምታት ተወ፣ ብረት መምታት ያዘ፣ ሚስቱም ተመስገን አለች። ቁጣው ግን የትም አልሄደም። ከእጁ ተነሥቶ አፉ ላይ ሰፈረ እንጂ።

ጋራዡ ያወጣለት ስም «ትምህርት አለው» ነው። ምንም ነገር ቢፈጠር እንዲህ ይላልና። ጎማ ቢተነፍስ ትምህርት አለው። ገና ያልደረቀ ቀለም ላይ ዝናብ ቢወርድ ትምህርት አለው። አብሮት የሚሠራው ቀለም ቀቢ ቀልድ ካላወራ ቀኑ የማይመሽለት ሰው ነው፤ አንድ ጠዋት ሆዱን ይዞ መጣና፣

«ሌሊቱን ሙሉ ሲቆርጠኝ አደረ። ይኸም ትምህርት አለው?» አለው።

«አለው» አለ ባትላሜራው፣ ቀና እንኳ ሳይል። «ሚስትህ ለነገ ያስቀመጠችውን እየሰረቅህ አትብላ።»

ረቡዕ ረቡዕ አመሻሽ ላይ ጎረቤቱ በባትላሜራው ሳሎን ለጸሎት ይሰበሰባል። ወንበር ከየቤቱ ይመጣል፤ ወንበር ያልደረሰው ከግድግዳው ጋር ተጠግቶ ምንጣፍ ላይ ይቀመጣል። ከመዝሙሩ በኋላ እያንዳንዱ በሳምንቱ ውስጥ ጌታ ከኑሮው ያስተማረውን ይናገራል። አንዷ ስለ ጠፋባት ቁልፍ፣ አንዱ ስለ ወገብ ሕመሙ። ሁሉም ግን ሰዓቱን እያየ የሚጠብቀው ባትላሜራውን ነው። የእሱን የመዶሻ ትምህርት ሰው እንደ መዝሙር በቃሉ ይዞታል።

«ላሜራን እዩት» ይላል፣ ጠረጴዛውን በቡጢ እየጠለዘ። «ይመታል፣ ዝም። ይመታል፣ ዝም። ለምን እኔን ብሎ አያውቅም። ዝም ስላለ ይቃናል። እኛ ግን ጌታ አንዴ ኮርኮም ሲያደርገን ሠፈር እናውካለን።»

ሰው አሜን ይላል። ሴቶቹ ዓይናቸውን ይጠርጋሉ።

ጥሩ ትምህርት ነው፤ ጉዱ ግማሹ ውሸት መሆኑ ነው። ሳሎኑ ውስጥ ከእሱ በቀር መዶሻ ጨብጦ የሚያውቅ ስላልነበረ ማንም አልነቃበትም። ላሜራ የሚቃናው በሁለት እጅ ነው። ቀኙ መዶሻውን ይይዛል። ግራው ከላሜራው ኋላ ይገባና መዳፍ የምታክል ድፍን ብረት አስጠግቶ ይደግፈዋል። ምቱ የሚያርፈው በሁለቱ መካከል ነው። ድጋፉ ከሌለ መዶሻ ላሜራን አያቃናውም፤ ይለጥጠዋል፣ ያሳሳዋል፣ ሲበዛበትም ይቀደዋል። ይኸን ጋራዥ የገባ ለማጅ ሁሉ ገና ከመጀመሪያው ይማረዋል። ባትላሜራውም አሳምሮ ያውቀዋል። ሳሎን ሲገባ ግን ግራ እጁን ውጭ ትቶት ይገባ ነበር፤ ወሬውን ያንዛዛበታል።

ያለችው ልጅ አንዲት ናት። መጋረጃ ሰፊ ናት፤ አንድ ታክሲ ነጂ አግብታ ከወላጆቿ ቤት ጥቂት ጎዳና አለፍ ብሎ ትኖራለች። ልጅ ሳለች ጥርሷ ሲነቀል እንኳ «ትምህርት አለው» እየተባለች ነው ያደገችው። እንዲህ ያለ ቤት ያደገ ልጅ የሆዱን በቀጥታ መናገር አይለምድም፤ ምሳሌ ይፈልግለታል። ባገባች በዓመቱ ገደማ፣ አንድ ረቡዕ፣ አባቷ የመዶሻውን ትምህርት ጨርሶ ላቡን ሲጠርግ እጇን አወጣች።

«አባዬ፣ ላሜራ መዶሻ ሲበዛበትስ ምን ይሆናል?»

ባትላሜራው ጥያቄውን ወደደው። እውነተኛው መልስ ምላሱ ጫፍ ላይ ነበር። ነገር ግን ያንን ቢል ያ ሁሉ ስብከት እንዳልነበረ ሊሆን ነው።

«ይበልጥ ያምርበታል» አለ።

ሰው አሜን አለ። ልጅቱም እጇን አወረደች። ባሏ አጠገቧ ተቀምጦ ነበር፤ እሱም አሜን ብሏል። ከዚያ ወዲህ አባቷን ስለ ላሜራ ጠይቃው አታውቅም።

ይኸ ከሆነ ከረመ። አንድ ማክሰኞ ጠዋት አማቹ ነጭ ታክሲውን እየነዳ ጋራዡ ደረሰ። ጫማው ሁልጊዜ የተወለወለ፣ ፈገግታ ከፊቱ የማይለይ ጎልማሳ ነው። ባትላሜራውን ሲያገኝ «አባባ» ብሎ ከወገቡ ጎንበስ ይላል። ባትላሜራው ይወደው ነበር፤ የራሴ ወንድ ልጅ እያለ ነው ለሰው የሚያወራለት።

ጉዳቱ ኮፈኑ ላይ ነበር። ባትላሜራው ጎንበስ ብሎ በመዳፉ ዳበሰው። ሳሎን ሲሆን ላሜራ ዝም ይላል እያለ ቢሰብክም፣ ጋራዥ ውስጥ ላሜራ ለእሱ የማይናገረው ነገር የለም። ምን እንደመታው፣ ከየት በኩል፣ በምን ያህል ጉልበት፣ ሁሉን ይነግረዋል። ድንጋይ ቢሆን ቀለሙን ይፍቀው ነበር። ምሰሶ ቢሆን ጠርዝ ይተው ነበር። ይኸኛው ክብ ነው። ከላይ ወደ ታች የወረደ ነው። ደግሞም ሁለቴ ነው የመታው፤ መጀመሪያ ቀለል አድርጎ፣ ቀጥሎ ከበድ አድርጎ። መካከሉ ላይ ቀለሙ ተሰነጣጥቋል።

«ምን ወደቀበት?» አለ።

አማቹ ቁልፉን በጣቱ ላይ አሽከረከረ። «ዱባ።»

«ዱባ?»

«ጎረቤት ጣሪያ ላይ ያስቀመጡት ዱባ ነው፣ አባባ። ተንከባሎ መጣና ጓ አለበት።»

ቀለም ቀቢው ከወዲያ ሆኖ ይኸን ሲሰማ ማለፍ አልቻለም። «ዱባውስ ተረፈ?» አለ።

«ዱባ ምን ይሆናል» አለ አማቹ እየሳቀ። «ትንሽ ተሰነጠቀ እንጂ ደኅና ነው።»

ሦስቱም ሳቁ። ይኸን ሳቅ ባስታወስኩት ቁጥር ደሜ ይፈላል።

ባትላሜራው ሁለቴ መመታቱን አልዘነጋውም። ዱባ ሁለቴ አይወድቅም። ይኸን አሰበና፣ ነጥሮ ይሆናል ብሎ ለራሱ መለሰ። በተሰነጠቀው ቀለም መካከል ደግሞ ረጅም ጥቁር ክር ተሰክቶ አገኘ። የልጄ የስፌት ክር ነው አለና በመዳፉ ጠርጎ ጣለው። ከዚያ ኮፈኑን ከፈተ፣ ድጋፉን በግራ እጁ ከላይ ያዘ፣ በቀኙ ከሥር እየነረተ ጉድጓዱን አነሣው። እየዘመረ ነበር። ስቱኮ ለቀለቀበት፣ በብርጭቆ ወረቀት አሸው፣ ቀለም ቀቢው ነጭ ቀለም ነፋበት። ከሰዓት በኋላ ኮፈኑ ምንም ነገር ነክቶት የማያውቅ መሰለ።

አማቹ መዳፉን አሳለፈበትና፣ «አባባ፣ እጅዎ ይባረክ» አለ።

በማግስቱ ረቡዕ ነበር። ልጅቱ ሻሿን እስከ ቅንድቧ ድረስ አውርዳ አስራ ከእናቷ ጎን ተቀምጣለች። ባሏ በር አጠገብ ካለው ወንበር ላይ ነው። ባትላሜራው አዲስ ትምህርት ይዞ ስለመጣ ፊቱ ወዝቷል፤ መዝሙሩ እስኪያልቅ እንኳ አልቻለም።

«ዱባ ነው የወደቀበት» ብሎ ጀመረ።

ሳሎኑ በሳቅ አውካካ።

«አትሳቁ። ዱባውን ማን ጣለው? ነፋስ ነው? አይደለም። ያ ታክሲ ባይጎዳ ኖሮ ወደኔ ይመጣ ነበር? አይመጣም። አሁን ውጡና ደጅ የቆመውን እዩት፤ ጉዳቱ የቱ ጋ እንደነበረ ካገኛችሁ እኔ ባትላሜራ አይደለሁም። ጌታም እንዲሁ ነው። ዱባውን ይልካል። ከዚያ አሳምሮ ይጠግንሃል። ማንም አያውቅብህም።»

«አሜን» አለች ልጅቱ።

ከሁሉም ቀድማ ነው ያለችው፣ ብቻዋን፣ ደረቅ ባለ ድምፅ። በር አጠገብ ከሰው ሁሉ በላይ ሲስቅ የነበረው ባሏ በአንድ ጊዜ ቀጥ አለ። ባትላሜራው አልሰማትም፤ የተቀመጠችው በደንቆሮው ጆሮው በኩል ነበር። እናቷ ግን ሰማች። ሌሊቱን ያ አሜን ሲከነክናት አደረ።

እናትየው ነገር ማዞር የማትወድ ሴት ናት። በማግስቱ ጠዋት አማቿ ታክሲውን ይዞ መውጣቱን አረጋግጣ ልጇ ቤት ሄደች። ሰላምታውን እንኳ በቅጡ አልጨረሰችም።

«ሻሽሽን አውልቂ።»

«እማዬ፣ ራሴን ስላመመኝ ነው ያሰርኩት።»

«አውልቂ አልኩሽ።»

ልጅቱ አወለቀች። ከጆሮዋ በላይ ፀጉሯ በመዳፍ ስፋት ተነቅሏል። ቁስሉ ጥቁር ሆኖ ደርቋል፤ ዙሪያው ላይ ግን ነጫጭ ነገር ይታያል። እናትየው ጎንበስ ብላ በጥፍሯ ነካ ነካ አደረገችው። የመኪና ቀለም ነው። ቆዳዋ ውስጥ ገብቶ ቀርቷል።

ልጅቱ በአጭሩ ነው የነገረቻት። እሑድ ግቢያቸው ውስጥ ኮፈኑን እያጠበችለት ሳለች፣ እናቴ ጋ ደርሼ ልምጣ አለችው። ልታሳጪኝ ነው አለ። ፀጉሯን በእጁ ጠቅልሎ ያዘና ኮፈኑ ላይ መታት። የመጀመሪያው ለማስፈራራት ነበር። ሁለተኛው ከልቡ ነው። ከዚያ በፊትም ብዙ ጊዜ መቷት ያውቃል፤ ሆዷን፣ ጀርባዋን፣ ልብስ የሚሸፍነውን ቦታ እየመረጠ። ስትጮህ ሬዲዮ ይከፍታል።

እናትየው ከአጠገቧ ተቀመጠች። «ለምን አልነገርሽንም?»

«አባዬን ጠይቄው ነበር» አለች ልጅቱ። «መልሶልኛል።»

እናትየው ጋራዡ ስትደርስ ባትላሜራው የጭነት መኪና በር እየቀጠቀጠ ነበር። ከጎኑ ቆመች። በንዴት ብዛት ደንቆሮው ጆሮው በኩል መቆሟን እንኳ አላስተዋለችም።

«ዱባው ልጅህ ናት» አለችው።

«ምን?»

«ዱባው ልጅህ ናት!» ብላ ጮኸች።

ጋራዡ ውስጥ ያለ መዶሻ ሁሉ ቆመ። ቀለም ቀቢው ያን ቀልዱን አስታውሶ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። ባትላሜራው ቀስ ብሎ መዳፉን ገልብጦ አየው። ያንን ክር የጠረገበት መዳፍ ነው። ክር አልነበረም። ቀጥሎ ኮፈኑን እየዘመረ ያቃናው ትዝ አለው። የልጁ ጭንቅላት ያረፈበትን ቦታ፣ ብቸኛውን ምስክር፣ በገዛ እጁ አለስልሶ ለደብዳቢዋ መልሶለታል። «እጅዎ ይባረክ» መባልም ደርሶታል።

ትልቁን መዶሻ አነሣና ወጣ።

ጎዳናውን ሲሻገር መኪኖች ጡሩምባ ይነፉበታል፤ ዞር ብሎም አላየ። ሚስቱ ከኋላው ትሮጣለች፣ ቀለም ቀቢው ከሚስቱ ኋላ። ባለሱቆች ምን ተፈጠረ እያሉ ደጃቸው ላይ ወጡ። ዓይኑ ደም ለብሷል። ያ ድሮ መጠጥ ቤት ሰው ሲፈነክት የነበረው ጎረምሳ፣ ሞቶ ተቀብሯል ተብሎ የተመሰከረለት፣ ምንም አልሆነም ነበር፤ እዚያው ውስጡ ተቀምጦ ሲጠብቅ ነው የኖረው። እውነቱን ለመናገር ባትላሜራው ደስ ብሎታል። እጁ እንዲህ ቀልሎት አያውቅም።

አማቹ ለምሳ መጥቶ ታክሲውን ግቢ ውስጥ አቁሞ እጁን ይታጠብ ነበር። የውጭው በር በርግዶ ሲከፈት ቀና አለ።

«አባባ፣ ምነው በደኅና ነው?»

የመለሰለት በግራ ቡጢው ነው። አማቹ ከነሳሙናው ወደ ኋላ ሄደና ግድግዳው ላይ ተለጠፈ፣ ከዚያ ተንሸራቶ መታጠቢያው ሳፋ ላይ ወደቀ። አፍንጫው ደም ዘረገፈ። ሲነሣ ከታክሲው ጎማ ሥር ተጋድሞ የነበረውን የጎማ መፍቻ ብረት ይዞ ተነሣ። አሽከርክሮ የባትላሜራውን ትከሻ አገኘው። እንዲያ ያለ ምት ሌላውን ሰው ያንበረክክ ነበር። ባትላሜራው ግን አንድ ጊዜ ብቻ ተነፈሰና መዶሻውን አወረደ። ክንዱን ነው ያገኘው። አጥንቱ ሲሰበር የተሰማው ድምፅ ደረቅ እንጨት ሲገነጠል የሚሰማውን ይመስላል። ብረቱ ከእጁ ወደቀ። አማቹ አፉን ከፍቶ ቀረ፤ ጩኸቱ ዘግይቶ ነው የመጣው።

ባትላሜራው አልበቃውም። ፀጉሩን በእጁ ጠቅልሎ ያዘው፣ እየጎተተ አመጣውና ፊቱን ኮፈኑ ላይ ደፈቀው፣ ልክ እሱ ያቃናው ቦታ ላይ። አዲሱ ቀለም ገና ይሸታል። ነጩ ላይ ደም ተንጠባጠበ። ቀለም ቀቢው በሩ ላይ ደርሶ ቆመ፤ መቅረብ አልደፈረም። መዶሻው ወደ ላይ ወጣ።

ልጅቱ በዚያን ጊዜ ከቤት ወጣች። የልኬት ሜትሯ አንገቷ ላይ እንደተንጠለጠለ ነው። አልጮኸችም። ከግራው በኩል ነበር የመጣችው፤ ዞራ በደኅናው ጆሮው በኩል ቆመች።

«አባዬ» አለችው። «ይኸም ትምህርት አለው?»

መዶሻው አየር ላይ ቆመ።

«ጠይቄህ ነበር እኮ። መዶሻ ሲበዛበት ምን ይሆናል ብዬ ጠይቄህ ነበር። ስለ ላሜራ መስሎህ ነው?»

ባትላሜራው ያንን ረቡዕ አስታወሰው። መልሱ ምላሱ ጫፍ ላይ እንደነበረ፣ ውጦ ሌላ እንደተናገረ፣ ሰው አሜን እንዳለ። ግራ እጁን አየው። ፀጉር ጠቅልሎ ይዟል፤ ያ ሰው እሑድ ዕለት እንደያዘው አድርጎ ነው የያዘው። ጣቶቹን አንድ በአንድ ፈታ። መዶሻውን ቀለም ቀቢው መጥቶ ከእጁ ተቀበለው፤ አልታገለም። ከዚያ ግቢው መካከል ቆሞ እንደ ሕፃን አለቀሰ። እናትየው ቤት ገብታ የልጇን ልብስ ሻንጣ ውስጥ እየወረወረች ከተተች። ሦስቱም ወደ ቤታቸው ሄዱ።

አማቹ ሐኪሙን ደረጃ ላይ አዳልጦኝ ነው አለው። ሚስቱ ስትለው የኖረችውን ቃል ነው የተዋሰው። መክሰስ ቢፈልግ ምክንያቱን መናገር ይኖርበታልና ክስ አላሰበም። ባትላሜራው በበኩሉ ጋራዥ ገብቶ ይወጣል፤ ሥራውን ይሠራል፤ ትምህርት አለው ማለቱን ግን አቆመ። ጎማ ተነፈሰ፣ ዝም። ቀለም ተበላሸ፣ ዝም። ቀለም ቀቢው ቀልድ ቢያጣ እንኳ አልጎነተለውም። ምሳ ሰዓት ላይ ብቻ፣ ሊጠግነው የቆመ መኪና ውስጥ ገብቶ፣ ወንጌሉን ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ የመከራውን ምዕራፍ እየደጋገመ ያነብ ነበር።

ልጅቱ እናቷ ክፍል ውስጥ መጋረጃ ትሰፋለች። በር ሲንኳኳ መርፌው ጣቷን ይወጋታል። እንቅልፍ የላትም፤ ብድግ ብላ መቀርቀሪያውን ታያለች፣ ተመልሳ ትጋደማለች፣ እንደገና ትነሣለች።

ረቡዕ ደረሰ። ሰዉ ወንበሩን እየያዘ መጣ። የጸሎቱ መሪ ግን ብቻውን አልመጣም። ክንዱ በጄሶ የታሰረውን አማች ይዞት ገባ። መሪው የትምህርት ቤት መምህር ነው፣ ወጣት ነው፣ ክፋት አያውቅም፤ ጥፋቱ የሚያለቅስ ሰው ሲያይ ሁሉን ማመኑ ነው። አማቹም እያለቀሰ ነበር።

«ወንድማችን ተጸጽቷል» አለ መሪው። «እጁ መሰበሩን እንኳ የጌታ ተግሣጽ ነው ብሎ ተቀብሏል። እኛም ልንቀበለው ይገባናል። ጋሼ፣ ይኸን ያስተማሩን እርስዎ ነዎት። ላሜራ ዝም ይላል፣ ዝም ስላለ ይቃናል ብለውናል። እህታችንም ትንሽ ብትታገሥ ቤቷ ይቃናል።»

«አባባ» አለ አማቹ እንባውን በደኅናው እጁ እየጠረገ፣ «መዶሻዎ አስተምሮኛል።»

አንዲት ሴት ተንሰቅስቃ አለቀሰች። አሜን የሚል ድምፅ ከዚህም ከዚያም ተሰማ። ባትላሜራው ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠ ነው፤ የገዛ ቃሉ ሳሎኑ ውስጥ ከአፍ ወደ አፍ ሲዞር ይሰማል። እናትየው ዓይኗን ከባሏ ላይ አልነቀለችም። አንድ ነገር ካላለ እሷ ልትናገር ነው፤ እሷ ከተናገረች ደግሞ ሳሎኑ ውስጥ የሚቀር ሰው የለም።

ልጅቱ ግን ከሁለቱም ቀደመች። ተነሥታ ወደ ውስጥ ገባችና ሻንጣዋን ይዛ ተመለሰች። በአባቷ ደኅና ጆሮ በኩል ቆመች።

«አባዬ፣ ልሂድ?»

አሽሙር አልነበረም። ከልቧ ነው የጠየቀችው። ዕድሜዋን ሙሉ የሰማችው ትምህርት ነው፤ ሂጂ ቢላት ትሄድ ነበር። ሄዳም ብትሆን፣ ሦስተኛው ምት የሚቀርላት አልነበረም።

ባትላሜራው ተነሥቶ ወደ ጓሮ ወጣ። ሰው ሽንት ቤት የሄደ መሰለው። ሲመለስ በአንድ እጁ የአሮጌ ኮፈን ቁራጭ፣ በሌላው ያንን ትልቅ መዶሻ ይዟል። አማቹ መዶሻውን ሲያይ ከወንበሩ ተስፈንጥሮ ግድግዳው ላይ ተለጠፈ። ባትላሜራው አላየውም። ሁለት ወንበር አቀራርቦ ላሜራውን በመካከላቸው አጋደመው። ከሥሩ ምንም የለም፤ ባዶ አየር ነው። ከዚያ መምታት ጀመረ።

ጠባብ ሳሎን ውስጥ እንዲያ ያለ ድምፅ ተሰምቶ አያውቅም። መስኮቱ ተንቀጠቀጠ። መደርደሪያ ላይ የነበረ ብርጭቆ ወደቀና ተሰበረ። ሴቶቹ ጆሯቸውን ያዙ። መሪው «ጋሼ፣ ጋሼ» ይላል፤ አፉ ሲንቀሳቀስ ይታያል እንጂ ድምፁ አይሰማም። ባትላሜራው ይመታል። ላሜራው ጎደጎደ፣ ይመታል። ተለጠጠ፣ ይመታል። ቀለሙ እየረገፈ ምንጣፉ ላይ ተበተነ። በእያንዳንዱ ምት የልጅቱ ትከሻ ይሰበሰባል፤ ይኸን ያዩት እናትየውና፣ ከግድግዳው የተለጠፈው አማቹ ብቻ ናቸው። በመጨረሻ ብረቱ መካከሉ ላይ ሳስቶ ስስ ሆነ፣ አንድ ምት ተጨመረበት፣ ተሰንጥቆ አፉን ከፈተ።

ባትላሜራው መዶሻውን መሬት ላይ አስቀመጠው። የተቀደደውን ላሜራ አንሥቶ ለልጁ ሰጣት።

«ላሜራ መዶሻ ሲበዛበት ይቀደዳል» አለ። «ያኔም አውቅ ነበር። ስብከቴ እንዳይበላሽ ብዬ ዋሸሁሽ።»

ባትላሜራው ወደ መሪው ዞረ።

«ሳምንቱን ሙሉ ወንጌሉን ሳነብ ሰነበትኩ። ጌታ ሲሰቀል መዶሻ የያዙት ወታደሮቹ ናቸው። ጌታ መዶሻ አልያዘም፤ ጌታ ከመዶሻው ሥር ነው ያለው። ይኸን ሁሉ ዓመት መዶሻውን በእጁ ያስያዝኩት እኔ ነኝ።»

ቀጥሎ ወደ አማቹ ሄደ። አማቹ ጄሶውን ደረቱ ላይ አቅፎ ጭብጥ አለ። ባትላሜራው ግን እጁን አላነሣም።

«ክንድህን የሰበርኩት ከነዚያ ወታደሮች ጋር ቆሜ ነው፤ ይቅር በለኝ» አለው። ቁጣው አሁንም የትም አልሄደም። «ልጄን ግን አልሰጥህም።»

ልጅቱ ላሜራውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። ከዚያ ሻሿን ፈታች፤ ሰው ሁሉ ባለበት፣ መብራቱ ሥር። የተነቀለውን ፀጉር፣ ጠባሳውን፣ ነጩን ቀለም ጎረቤቱ በሙሉ አየው። ስለ ዱባው የሳቀው ሁሉ እዚያ ነበር። ያቺ ስታለቅስ የነበረችው ሴት እጇን አፏ ላይ አደረገች።

መሪው «እንጸልይ?» አለ፣ ድምፁ ዝግ ብሎ።

«እናንተ ጸልዩ» አለች ልጅቱ። «እኔ ልተኛ።»

እናትየው ሻንጣውን አንሥታ ከኋላዋ ገባች።